ዙምባ ልመዘገብ ነው፤ አሰልጣኙን በምን ልለየው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከደሴና ከኮምቦልቻ ስለ ዳንስ ስፖርት የተጻፉልንን ጥያቄዎች መርጠናል። ጠያቂዎቹን በሰፈራቸው ወይም በከተማቸው ብቻ ጠርተናቸዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዝግጅት ክፍሎች። ዕድሜዬ 29 ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብዬ የምሠራ የቢሮ ሠራተኛ ነኝ። ዙምባ ለመጀመር አስቤ በሰፈሬ ሁለት ቦታ ጠየቅሁ። አንደኛው አሰልጣኝ ግድግዳ ላይ ሰርተፍኬት ሰቅሏል። ሌላኛዋ ወረቀት የላትም፤ ሰው ግን ያመሰግናታል። የትኛውን ልመን? (ከአራዳ፣ ደሴ)

መልስ፦ እህታችን፣ መጀመሪያ ወረቀቱ ምን እንደሚል እንይ። ሰው የዳንስ ስፖርትን ሁሉ «ዙምባ» ይበለው እንጂ ዙምባ የአንድ ኩባንያ የንግድ ስም ነው። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ቤቶ ፔሬዝ የተባለ ኮሎምቢያዊ ካሊ ከተማ ውስጥ ጀመረው፤ በ2001 ማያሚ ላይ ኩባንያ ተቋቋመለት። በዚህ ስም የሚያስተምር ሰው የኩባንያውን መነሻ ሥልጠና መውሰድና ፈቃዱን በየጊዜው ማደስ አለበት። ስለዚህ የተሰቀለውን ቀርበሽ አንብቢው፦ የማን ስም ነው ያለበት? ማን ሰጠው? መቼ? የቆየና ያልታደሰ ከሆነ ሰውየው ያኔ መሠልጠኑን ያሳያል እንጂ ዛሬ ፈቃድ እንዳለው አያሳይም። ፈቃድ ያላቸው አሰልጣኞች በኩባንያው ድረ ገጽ ላይ ስለሚገኙ ስሙን ፈልጊው።

ይህ ሁሉ ቢሟላም ወረቀቱ ብቻውን አይበቃም። መነሻ ሥልጠናው በአንድ ቀን የሚያልቅ ነው፤ የሜሬንጌ፣ የሳልሳ፣ የኩምቢያና የሬጌቶን (የላቲን አሜሪካ ዳንሶች ናቸው) መሠረታዊ እርምጃዎችንና የትምህርቱን አደራደር ያስተምራል። የታመመ ጉልበት ምን ይችላል፣ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው እንዴት ይሥራ፣ የሚለውን አሰልጣኙ ከሌላ ቦታ መማር አለበት፤ ከስፖርት ሳይንስ ትምህርት፣ ከአካል ብቃት አሰልጣኝነት ኮርስ፣ ከመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና። ይህንን በቀጥታ ጠይቂው። አንዲት ጥያቄ ብቻ የምትጠይቂ ከሆነ ይህችን ጠይቂ፦ «ሰው ራሱን ስቶ ቢወድቅና ባይተነፍስ ምን ታደርጋለህ?» የሠለጠነ ሰው ሳያመነታ ይመልሳል፤ አንዱን አምቡላንስ እንዲጠራ አዝዤ ደረቱን መሐል ላይ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች እጫናለሁ፤ ከየ30ው በኋላ 2 ትንፋሽ እሰጣለሁ ይልሻል። ውሃ እረጭበታለሁ ወይም ክብሪት አሸትተዋለሁ ካለሽ ሥልጠናው አልደረሰውም።

ከዚያ ከመክፈልሽ በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ቁጭ ብለሽ እዪ። ዋናው መለያ እዚህ ላይ ነው። አሰልጣኙ ራሱ እንዴት እንደሚደንስ ለጊዜው ተዪው፤ ዓይኑ የት እንዳለ ተመልከቺ። ከመስተዋቱ ውስጥ ራሱን የሚያይ አለ፤ ሰዎቹን የሚያይም አለ። ሁለተኛውን ነው የምንፈልገው።

ሙዚቃው ከመከፈቱ በፊት አዲስ የመጣ ሰው ካለ ጠጋ ብሎ ያናግረዋል? የልብ ሕመም፣ ደረት ላይ የሚሰማ ሕመም፣ ራስን መሳት፣ የመገጣጠሚያ ችግር፣ የሚወሰድ መድኃኒት፣ እርግዝና፤ እነዚህን ሳይጠይቅ ሰው የሚያስገባ አሰልጣኝ ማን ፊቱ እንደቆመ አያውቅም።

ቀጥሎ ማሟሟቂያውን እዪ። ክፍለ ጊዜው 60 ደቂቃ ከሆነ ከ7 እስከ 10 ደቂቃው ለማሟሟቂያ፣ የመጨረሻው 5 እስከ 10 ደቂቃ ለማቀዝቀዝና ለማሳሳብ መዋል አለበት። ደሴ ላይ በተለይ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ብርዱ ከባድ ነው፤ ያልሞቀ የባት ጡንቻ በመጀመሪያው ዝላይ ሊጎዳ ይችላል። ማሟሟቂያ ማለት እዚያው ዳንሱን በትንሹ መሥራት ነው፤ እርምጃው አጭር፣ እጅ ከትከሻ በታች። እግርን ዘርግቶ ማሳሳብ ለመጨረሻ ይቆይ።

ሌላው የመንገሪያው ጊዜ ነው። የዳንስ ስፖርት በስምንት ምት ይቆጠራል። ጥሩ አሰልጣኝ የሚቀጥለውን እርምጃ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ምት ላይ በእጁ ወይም በድምፁ ያመለክታል፤ ሰዉ አዲሱን ዙር ሲጀምር ያውቀዋል። ምልክቱ ለውጡ ከተደረገ በኋላ ከመጣ የኋላው ረድፍ ግማሹ ወደ ግራ ግማሹ ወደ ቀኝ ሲሄድ ታያለሽ። ቁርጭምጭሚት የሚወለመው፣ ሰው ከሰው የሚጋጨው ያን ጊዜ ነው። አንድን እርምጃ ሲያሳይ ቀለል ያለውን መጀመሪያ፣ ከበድ ያለውን ቀጥሎ፣ የሚችል ብቻ እንዲሠራው ብሎ ያሳያል? ይህን ካደረገ ለአንቺም ለ60 ዓመት እናትም ቦታ አለው ማለት ነው።

ክፍሉንም ለኪው። እያንዳንዱ ሰው ቢያንስ 2 ሜትር በ2 ሜትር ይፈልጋል። 6 በ8 ሜትር የሆነ አዳራሽ 48 ካሬ ነው፤ ከ12 ሰው በላይ ካስገቡበት እጅ መዘርጋት አይቻልም።

ወረቀት የሌላት አሰልጣኝ እነዚህን ሁሉ የምታሟላ ከሆነ፣ የመጀመሪያ እርዳታም ካወቀች፣ ሄደሽ ብትማሪባት አንከፋም፤ ግን ትምህርቷን በዳንስ ኤሮቢክስ ስም እንጂ በዙምባ ስም መጥራት አይገባትም። በሁለቱም በኩል የሚከተሉትን ከሰማሽ ግን ተመለሺ፦ «በወር 10 ኪሎ አስቀንስሻለሁ» የሚል፤ ወገብሽን በፕላስቲክ ጠቅልለሽ ሥሪ የሚል (የሚወጣው ላብ ነው፤ ውሃ ስትጠጪ ክብደቱ ይመለሳል፤ ሙቀቱ ግን ያዞራል)፤ የሚያከሳ ዱቄት የሚሸጥ፤ ሲያምሽ «ቻይው» የሚል።

ጥያቄ፦ የሦስት ወር በአንዴ ከከፈልሁ ቅናሽ አለ ተባልሁ። ይሻለኛል? (ከሆጤ፣ ደሴ)

መልስ፦ መጀመሪያ ላይ አይሻልህም። የአንድ ቀን ወይም የሁለት ሳምንት ክፈልና ቆይተህ ወስን። ሒሳቡንም በወር ሳይሆን በክፍለ ጊዜ አስላ፤ በወር 12 ጊዜ የሚሰጥ ትምህርት በሥራ ፈረቃህ ምክንያት 6 ጊዜ ብቻ የምትገኝበት ከሆነ ዋጋው እጥፍ ሆነ ማለት ነው። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ ይሰረዛል ወይስ ቻርጅ የተደረገ ስፒከር አላቸው? የተሰረዘው ቀን ይተካል? ዋናው አሰልጣኝ ሲቀር ማን ይተካዋል? መልሱን ደረሰኙ ላይ ያስጽፉልህ።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ሳለሁ በሳምንት ሦስት ቀን ኤሮቢክስ ያለ ችግር እሠራ ነበር። ለሥራ ወደ ደሴ ከተዛወርሁ ሁለተኛ ሳምንቴ ነው። ያንኑ ዓይነት ክፍለ ጊዜ ስሠራ ትንፋሽ ያጥረኛል። ታምሜ ይሆን? (ከቧንቧ ውሃ፣ ደሴ)

መልስ፦ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ከፍታቸው በጣም ይለያያል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ። የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ኮምቦልቻ ላይ ወደ 80 በመቶ፣ ደሴ ላይ ወደ 75 በመቶ ይወርዳል። በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ስለሚቀንስ ልብ ለዚያው ሥራ ቶሎ ቶሎ ይመታል። ስለዚህ ድካሙ የሚጠበቅ ነው፤ ሰውነት በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ እየለመደው ይሄዳል።

እስከዚያው ልክህን በንግግር መዝነው። እየደነስህ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻልህ፣ መዝፈን ግን ካቃተህ መካከለኛ ጫና ላይ ነህ። ሁለት ሦስት ቃል ብቻ የሚወጣህ ከሆነ ከባድ ነው፤ ለጊዜው ከዚያ ውረድ፤ እጅህን ከትከሻ በታች አድርግ፣ ዝላዩን በእርምጃ ተካው። በቁጥር ማየት ከፈለግህ ዕድሜህን በ0.7 አባዛና ከ208 ቀንስ። ለ40 ዓመት ሰው 180 ይመጣል፤ መካከለኛ ጫና የዚህ ከ64 እስከ 76 በመቶ ነው፤ በደቂቃ ከ115 እስከ 137 ምት ማለት ነው። የእጅ አንጓህን ይዘህ 15 ሰከንድ ቆጥረህ በ4 አባዛው።

ትንፋሽ ማጠሩ ቁጭ ብለህም ካልለቀቀህ፣ ደረትህን ከጨመደደህ፣ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከሄደ፣ ወይም ራስህን ሊያስትህ ከሞከረ ከፍታው ነው ብለህ አትለፈው። የዚያኑ ቀን ሐኪም ቤት ሂድ።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 54 ነው። የደም ግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ፤ ግራ ጉልበቴንም ደረጃ ስወርድ ያመኛል። ልጄ «እማዬ ነይ አብረን እንሥራ» ብላ ወሰደችኝ፤ አዳራሹ ሴራሚክ ነው። ከሠራሁ በኋላ ጉልበቴ አበጠ። ልተወው? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ እናታችን፣ አይተዉት፤ አሠራሩን ግን ይለውጡት። ለታመመ ጉልበት መንቀሳቀስ ከመቀመጥ ይሻለዋል፤ ችግሩ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ሁለት ነገር ተደራርቦብዎት መሆኑ ነው።

አንደኛው ወለሉ ነው። ሴራሚክ ሲሚንቶ ላይ ስለሚለጠፍ ከእግር ሥር ምንም አይረግብም፤ ሲዘሉ የሚያርፈውን ኃይል የሚቀበለው እርስዎ ብቻ ነዎት። እንጨት ወይም ጎማ የተነጠፈበት ቦታ ካለ እሱን ይምረጡ። ከሌለ ደንቡ ቀላል ነው፤ አንድ እግር ሁልጊዜ መሬት ይንካ። ሌሎች ሲዘሉ እርስዎ ተረከዝዎን ከፍ ዝቅ ያድርጉ፤ ሲሮጡ እርስዎ በቦታዎ ይርገጡ። ምንጣፍ ያነጠፉ እንደሆነ ደግሞ ጠርዙ የሚያነቅፍ ወይም የሚንሸራተት እንዳይሆን ይዩት።

ሁለተኛው ጫማዎ ነው። የሩጫ ጫማ ከሥር ጥርሱ ጥልቅ ስለሆነ ወለሉን ነክሶ ይይዛል። ሰውነት ይዞራል፣ እግር ይቀራል፤ የመጠምዘዙን ዋጋ የሚከፍለው ጉልበት ነው። ከሥር ለጥ ያለ፣ ጎንና ጎኑ ጠንከር ያለ፣ ተረከዙ ከፍ ያላለ ስኒከር ይፈልጉ። በካልሲ ብቻ ሴራሚክ ላይ መሥራት ግን ያንሸራትታል፤ አይሞክሩት። ከመዞርዎ በፊት ተረከዝዎን ከመሬት ያንሱ፤ በእግርዎ የፊተኛው ክፍል ላይ ይዙሩ። ሲጎነበሱ ወይም ብርክክ ሲሉ ጉልበትዎ ወደ ውስጥ እንዳይታጠፍ፣ በሁለተኛው የእግር ጣት አቅጣጫ ይሂድ። ጥሩ አሰልጣኝ ይህንን ሲያበላሹ አይቶ ቀስ ብሎ ያስተካክልዎታል።

የሕመሙን ልክ ከ0 እስከ 10 ይስጡት። እየሠሩ እስከ 3 ከሆነና በማግሥቱ ወደ ነበረበት ከተመለሰ ችግር የለውም። ከዚያ በላይ ካመመ ወይም እንደ አሁኑ ካበጠ በዝተዋል ማለት ነው፤ እብጠቱ እስኪጎድል ያርፉ፣ ሲመለሱ ጊዜውን በግማሽ ይቀንሱ። እብጠቱ ካልጎደለ፣ ጉልበቱ ከጋለ ወይም መርገጥ ከከለከለዎ ይመርመሩት። በዳንሱ መሐል ባሉ ቀናት ደግሞ ከወንበር መነሳትና መቀመጥን ይለማመዱ፤ በእጅ ሳይደገፉ ከ8 እስከ 10 ጊዜ፣ አርፈው እንደገና፣ በሳምንት ሁለት ቀን። የጭን ጡንቻ ሲበረታ በደረጃ ላይ ያለው ሕመም ይቀልላል።

ስለ ግፊትዎ፦ ወደ ትምህርቱ ከመሄድዎ በፊት ይለኩ። 180 በ110 ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ ያን ቀን አይሥሩ፤ ጤና ተቋም ይሂዱ። የሚወስዱት መድኃኒት እንደ አቴኖሎል ያለ ከሆነ የልብን ምት ዝቅ አድርጎ ይይዛል፤ በምት ቆጠራ ጫናዎን ማወቅ ስለማይችሉ ከላይ ባልነው የንግግር መለኪያ ይመዝኑ። ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ከሆነ ኮምቦልቻ ሞቃት ናትና የውሃውን ነገር ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩ። ከሁሉ በላይ ሙዚቃው ሲቆም በድንገት አይቁሙ፤ ደሙ እግር ላይ ይቀርና ያዞርዎታል። 5 ደቂቃ እየቀነሱ ይራመዱ።

በሳምንት ሁለት ቀን 30 ደቂቃ ይጀምሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ እዚያ ለመድረስ ሁለትና ሦስት ወር ቢወስድብዎ ምንም አይደለም። ገበያ በእግር መሄድም ይቆጠራል።

ጥያቄ፦ አንድ ላይ የምንሠራ ሴቶች ነን፤ ግማሾቻችን ሙስሊም ግማሾቻችን ክርስቲያን ነን። ዐቢይ ጾምና ረመዳን ሲገጣጠሙ ሰዓቱ አልስማማ አለን፤ መበተንም አንፈልግም። አንዷ እኅታችን ስኳር አለባት። (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አትበተኑ። እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙት ከበላችሁ ሁለት ሰዓት ያህል ካለፋችሁ በኋላ፣ ረመዳን የያዛችሁት ደግሞ ከኢፍጣር ጥቂት ቀደም ብላችሁ መሥራት ትችላላችሁ። ከምሽቱ 11:15 እስከ 11:50 ለሁላችሁም የሚሆን ሰዓት ነው፤ ፀሐዩም ይበርዳል። ያን ወር ዝላይ አይኑር፤ ሙዚቃው ዝግ ይበል፣ 35 ደቂቃ ይብቃ። የጾመ ሰው መሐል ላይ ቢቀመጥ አሰልጣኟ አትጎትተው። ከኢፍጣር በኋላ ውሃውን በአንዴ ከመጠጣት እስከ መኝታ ድረስ በየመሐሉ ማከፋፈል ይሻላል። ጠንከር ያለ ሥራ የምትፈልጉ ካላችሁ ከኢፍጣር ሁለት ሰዓት በኋላ ለብቻ አድርጉት።

ስኳር ያለባት እኅታችሁ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የምትወስድ ከሆነ በባዶ ሆድ አትደንስ፤ ስለ ጾሙም ስለ መድኃኒቱ ሰዓትም ሐኪሟን አስቀድማ ታማክር። በጾም ባልሆነ ቀን ከመጀመሯ በፊት የደም ስኳሯን ለክታ ከ90 (ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር) በታች ካገኘች መጀመሪያ ትንሽ እንጀራ ወይም ሙዝ ትብላ። እየሠራች መንቀጥቀጥ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ የንግግር መደነባበር ካያችሁባት ቁጭ አድርጓት፤ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ስጧት፣ በ15 ደቂቃ እንደገና ትለካ። ከ70 በታች ከሆነ ጾም ላይ ብትሆንም ታፍርስ። ራሷን ከሳተች በአፏ ምንም አትስጧት፤ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዷት። የስኳር ከረጢት ከስፒከሩ አጠገብ ይቀመጥ፤ የት እንዳለ ሁሉም ይወቅ።

ጥያቄ፦ በስፖርት ሳይንስ ተመርቄያለሁ። በውጭ ሙዚቃ ፈንታ በወሎ ዘፈንና በእስክስታ የዳንስ ስፖርት ማስተማር እፈልጋለሁ። ሞክሬው ሰዉ መሐል ላይ ምቱ ይጠፋበታል፤ በማግሥቱም አንገቴን አመመኝ የሚሉ አሉ። ምን ላስተካክል? (ከደሴ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ሐሳብህ በጣም ደስ ይላል። የአምባሰልና የባቲ ቅኝት በስሙ በሚጠራበት አገር ሰው ትከሻውን ለመንቀጥቀጥ ማንም ማስተማር አያስፈልገውም፤ ማስተማር ያለብህ ልኩን ነው።

የምቱ ችግር የሚመጣው ከዘፈኖቹ አደራደር ነው። ከጭፈራ ዘፈኖቻችን ብዙዎቹ በስድስት ስምንተኛ (6/8) ምት የሚሄዱ ናቸው፤ በአንድ መለኪያ (በአንድ የምት ዙር) ውስጥ ሁለት ትልልቅ ምት አለ፣ እያንዳንዱም በሦስት ይከፈላል። ዘመናዊዎቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ በአራት ይሄዳሉ። ሁለቱን ሳታቋርጥ ብታያይዛቸው የሰዉ እግር በድሮው ይቀጥላል። በስድስት ስምንተኛው ዘፈን ትልልቁን ምት ብቻ ቁጠር፤ አራት መለኪያ ስምንት ይሆንልሃል። ሦስት ወይም አራት ዘፈን በአንድ ዓይነት ምት ሥራና ወደ ሌላው ስታልፍ 20 ሰከንድ በቦታ እያስረገጥህ አዲሱን ምት በጭብጨባ አሳያቸው። ፍጥነቱን ራስህ ለካው፤ 15 ሰከንድ ቆጥረህ በ4 አባዛ። ለጀማሪ እግርና ትከሻ አንድ ላይ የሚሠራበት ዘፈን በደቂቃ ከ130 ትልቅ ምት በላይ ከሄደ እንቅስቃሴው ይቆራረጣል፤ ሰዉ ትከሻውን በአንገቱ ይጎትተዋል። ለማቀዝቀዣው ትዝታ ይበቃሃል።

የአንገቱ ሕመምም ከዚሁ ይመጣል። እስክስታ ከትከሻ አጥንት መነሳት አለበት፤ ጀርባ ላይ ያለው ሰፊው አጥንት ወደ ኋላና ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ አንገት ረጅም ሆኖ ይቆያል። ጀማሪ ሰው ትከሻውን ወደ ጆሮው አንሥቶ ይዞ ይንቀጠቀጣል፤ በአንገትና በትከሻ መካከል ያለው ጡንቻ አንድ ዘፈን ሙሉ ሳይላላ ይቆያል። ማሟሟቂያው ላይ ትከሻን 8 ጊዜ ወደ ኋላ፣ 8 ጊዜ ወደ ፊት በዝግታ አዙር፤ ከዚያ እጅ ወገብ ላይ ሆኖ ትከሻን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ፣ በግማሽ ፍጥነት። እጅ ወገብ ላይ ሲሆን ትከሻ ወደ ላይ መውጣቱ ይቀንሳል። አንድ ዘፈን ትከሻ፣ ቀጣዩ እግር፤ ሁለት የትከሻ ዘፈን አታከታትል። የአንገት ውዝዋዜውን ወደ ቀኝና ወደ ግራ በትንሹ አድርገው፤ ጭንቅላትን ወደ ኋላ ጥሎ ሙሉ ክብ ማዞርን ግን ጭራሽ አታስገባ። የአንገት ዲስክ ችግር ያለበት፣ እጁን የሚያደነዝዘው ወይም ቀና ሲል የሚያዞረው ሰው በእግርና በጭብጨባ ብቻ ይሥራ።

ድምፁንም ዝቅ አድርግ። 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ብቻ የሚፈቀድ መጠን ነው፤ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ 94 ላይ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። በቀን ሦስት ክፍል የምታስተምር አንተ ከተማሪዎችህ ይበልጥ ትጎዳለህ። በስልክ ላይ በሚጫን መለኪያ አንተ የምትቆምበት ቦታ ሆነህ እየው፤ ስፒከሩን ከጆሮህ ደረጃ አርቀው፣ ፊቱንም ወደ ሰዉ መልሰው።